ስለ እርስዎ የጠየቀ ሰው አለ

ኒልዳ ስካርፓቲ ሰው ማመን ይቀናት ነበር። ለሙገሳ ብዬ አይደለም፤ አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር። ቦነስ አይረስ ውስጥ፣ ቪያ ክሬስፖ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ አፓርታማ ለሁለት ተከራይተን ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል። በስተግራ ያለው ክፍል የእሷ ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። በስተቀኝ ያለው የእኔ ነው፤ የሚንተባተቡ ልጆችን አፍ አስፈታለሁ። መሃል ያለው መጠበቂያ ክፍል የጋራችን ነው። ለቆዩ ታካሚዎቿ የውጭውን በር ቁልፍ ሁሉ ትሰጣቸው ነበር። "አብደሻል እንዴ?" ስላት፣ "ዝናብ እየደበደባቸው በር ላይ ሲቆሙ ደስ ይልሻል?" ትለኛለች። ቁልፉን ይዞ የቀረ ብዙ ነው። ግን አንድም ቀን የተሰረቅነው ዕቃ የለም፤ ከአንድ ጃንጥላ በቀር፣ እሱንም የሆነ ቦታ የረሳሁት እኔው ሳልሆን አልቀርም።

የተወለደችው ወደ ደቡብ፣ በስንዴው አገር፣ ትሬስ አሮዮስ ነው። አባቷ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ለትምህርት ወደ ዋናው ከተማ መጥታ በዚያው ቀረች፤ ከተመረቀች በኋላ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ረጅም ዘመን ሠራች። እዚያ ሳለች አንድ በሽተኛ ወንበር ወርውሮ ክንዷን ሰብሯታል። ጄሶው ሳይፈታ ተመልሳ ሄዳ፣ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ማቴዋን፣ ያን እንደ ሻይ የምንጠጣውን የአገራችንን ቅጠል፣ አፍልታ በአንድ ቀሰም አብራው ጠጣች። "ፈርቶ ነበር እኮ" ነው ያለችኝ ስትነግረኝ። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

በእኛ ከተማ የሥነ ልቦና ባለሙያ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ታክሲ ነጂው አለው፣ ሥጋ ሻጩ አለው፣ እኔም አለኝ። ስለዚህ ኒልዳ ከሆስፒታሉ ወጥታ የግሏን ስትጀምር ሥራ አላጣችም። ያገኛት አዲስ ራስ ምታት ኢንሹራንሱ ነው። ሆስፒታል ሳለች የሆስፒታሉ ጉዳይ ነበር። አሁን ግን አንድ ታካሚ "በሕክምናሽ ተጎዳሁ" ብሎ ቢከሳት፣ ጠበቃውንም ካሳውንም የሚችልላት የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ በራሷ ኪስ መግባት ነበረባት። መጀመሪያ አልገባም ብላ ነበር። "እኔ ሰው ስሰማ ነው የምውለው፣ ሆድ አልቀድ!" ትል ነበር።

ሐሳቧን ያስለወጣት አብራት የተማረች ባልደረባዋ ነገር ነው። ታካሚዋ የነበረ አንድ ሰውዬ ከሚስቱ ሲለያይ "ትዳሬን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ" ብሎ ያቺን ባልደረባዋን ከሰሳት። በመጨረሻ ተረታ። እስኪረታ ድረስ ግን ዓመታት ፈጀ፤ እሷም መኪናዋን ሸጣ ለጠበቃ ከፈለች። ከዚያ ወዲህ ኒልዳ በየዓመቱ የኢንሹራንሱን ክፍያ ትከፍላለች፣ በየዓመቱም ታጉረመርማለች። ክፍያው ከኑሮው ጋር አብሮ ይወጣል። እዚህ አገር የማይወጣ ነገር የለም፤ ለምደነዋል።

መጋቢት ላይ፣ ሰው ሁሉ ከበጋ ዕረፍቱ ተመልሶ ከተማዋ በሞላችበት ሰሞን፣ ኦስማር መጣ። ኦስማር የኢንሹራንስ ወኪሏ ነው፤ ፀጉሩን በቅባት ወደ ኋላ የሚያስተኛ፣ በሙቀት እንኳ ኮቱን የማያወልቅ ሰው። ሁሉም አንተ አንቺ በሚባባልበት ከተማ እሱ ግን "እርስዎ" ይላል። ሌላ ጊዜ ነገሩን በስልክ ነው የሚጨርሰው። ያን ቀን በአካል መምጣቱ ራሱ ደስ አላለኝም።

"ዶክተር፣ እንዴት ከረሙ?"

"ዶክተር አይደለሁም ኦስማር። ስንቴ ልንገርህ?"

"ለእኔ ዶክተር ነዎት።" መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ከጎኔ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። "ያው የዘንድሮው ዕድሳት ነው። ትንሽ ከፍ ብሏል።"

"ስንት?"

ነገራት። ኒልዳ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነው። የዓምናውን ሦስት እጥፍ ነበር።

"ሁሉም ነገር እኮ ጨምሯል ዶክተር።"

"ሁሉም ነገር እጥፍ ሆኗል። ይኼ ግን ሦስት እጥፍ ነው። እኔ ብቻዬን ምን አድርጌ ነው?"

ኦስማር እኔን አየኝ፣ በሩን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ እንደሰማሁት፣ ስምዎ ላይ ምልክት ተደርጓል። ስለ እርስዎ የጠየቀ ሰው አለ።"

"ምን ብሎ?"

"ሽፋን አላት ወይ ብሎ። ነገሩ ወደ ክስ ቢሄድ ምን ይሆናል ብሎ።"

"ማነው?"

"እሱን ለእኔ አይነግሩኝም። እኔ ተላላኪ ነኝ።" ተነሣና ኮቱን አስተካከለ። "ማንንም አይመኑ ዶክተር። ዘንድሮ ሰው ከፍቷል።"

ሲወጣ በሩን ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። ኒልዳ ቆማ ቀረች።

"ሰማሽ ቀጭኗ?" አለችኝ። ቀጭኗ የምትለው እኔን ነው። ቀጭን መሆን ካቆምኩ ብዙ ዘመኔ ነው፤ ስሙ ግን አብሮኝ አልወፈረም።

"ሰማሁ። ይኼ ሰውዬ ውሸታም ነው።"

"ለምን ይዋሸኛል?"

"ክፍያው በጨመረ ቁጥር የእሱም ድርሻ ይጨምራል።"

አሰበች። "አይ" አለች። "ሲናገር ዓይኔን አላየም። አፍሮ ነው። የሆነ ሰው ጠይቋል።"

ክፍያውን ከፈለች፤ ለበጋ ዕረፍት ያስቀመጠችውን ነክታ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቀስ በቀስ ነው ያስተዋልኩት። በመጀመሪያ ቁልፎቹን ሰበሰበች። "ቁልፉን ልቀይር ነው" አለቻቸው፤ አልቀየረችም። ቀጥላ እያንዳንዱን ታካሚ አዲስ የስምምነት ወረቀት ማስፈረም ጀመረች። የቆዩት ሰዎች ወረቀቱን ገልብጠው እያዩ "ምን መጣ?" ይሉኝ ነበር። "ሕግ ወጥቶ ነው" እላቸዋለሁ። ምን ሕግ? እኔም አላውቅ።

የታካሚዎቿን ነገር ለእኔ ተናግራ አታውቅም፤ ስማቸውን እንኳ ከአፏ አልሰማም። ግን መጠበቂያ ክፍሉ የጋራ ነው፣ እኔም ዓይን አለኝ። ለማን ፊቷ እንደሚጠቁር ይታየኝ ነበር። አንዲት ልጅ አለች፣ ሆርሄሊና ልበላት፤ ስሟ ይህ አይደለም። ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች እሷ ብቻ ነበረች ስትገባ የምታቅፈኝ። አንድ ቀን ፓስታፍሮላ፣ ያን በማርማላታ የሚሠራውን ኬክ፣ ራሷ ጋግራ አመጣች። ኒልዳ አመሰገነቻት፣ ኬኩን መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው፣ እዚያው ቀረ።

"ለምን አትበዪውም?" አልኳት።

"ስጦታ ከታካሚ ተቀበለች ይላሉ።"

"ማን ነው የሚለው?"

"እንጃ። የሚለው ሰው።"

ኬኩን እኔ በላሁት። ጥሩ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ነገሩ ወደ እኔም መጋባቱ ነው። ከማስተምራቸው ልጆች የአንዱ እናት "ኒልዳ ሐሙስ እስከ ስንት ሰዓት ትሠራለች?" ብትለኝ፣ "ለምን ፈለግሽው?" አልኳት በቁጣ። ምስኪኗ ሴትዮ ለእህቷ ቀጠሮ ልትይዝ ነበር። አንድ የማላውቀው ሰው ከሕንጻችን ፊት ለፊት ቆሞ ሲጋራ ሲያጨስ ካየሁት በመጋረጃው ሥር አጮልቄ እከታተለዋለሁ። ኒልዳም ከኋላዬ መጥታ ትከታተላለች። ሁለት አሮጊቶች መስኮት ላይ። በኋላ ሚስቱ ከላይ ከጥርስ ሐኪሙ ወርዳ ክንዱን ይዛው ሄደች።

ቤርናቤ የሚመጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር። የእሱንም ስም ቀይሬዋለሁ፤ ከእሱ የሰማሁትንም የምነግራችሁ ፈቅዶልኝ ነው። የጂኦግራፊ መምህር ነው፣ ረጅም፣ ትከሻው ትንሽ የጎበጠ፣ ስለ ወፍራምነቴ ቀልዶ የሚገባ። ስልኩን ከእጁ አያወጣም። ክፍሉ ውስጥም ሲገባ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ ነው የሚያስቀምጠው፤ ይህን በኋላ ኒልዳ ነግራኛለች። ያን ማክሰኞ እኔ መጠበቂያው ውስጥ ለልጆቹ የማሳያቸውን ሥዕሎች እያደራጀሁ ነበር። ግድግዳችን ድምፅ አያሳልፍም፤ ካልጮኹ በቀር። ኒልዳ ጮኸች።

"እየቀዳኸኝ ነው?"

"ምን አልሽኝ?" አለ ቤርናቤ።

"ስልክህን ነዋ! ሁልጊዜ እዚህ ነው የምታስቀምጠው። እየቀዳኸኝ ነው ወይ ነው የምልህ?"

"እኔ? አንቺን?"

ወዲያው በሩ ተከፈተ። ቤርናቤ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ እኔን ሳያይ አልፎኝ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ሰማሁት፤ አሳንሰር እንኳ አልጠበቀም። ኒልዳ በሩ ላይ ቆማለች።

"አየሽው?" አለችኝ። "አልካደም እኮ።"

"አዎም አላለም።"

"አልካደም!"

በማግስቱ እኔ ላይ መጣች። ማቴ እያፈላሁ ነበር። "ቀጭኗ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪ" አለች፤ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ደግሞ ሊያስቆጣ ነው። "ታካሚዎቼን ታወሪያቸዋለሽ። ሲገቡም ሲወጡም። ስለ እኔ ለአንዳቸው የሆነ ነገር ብለሽ ይሆን? ሳታስቢው?"

"ምን ልል እችላለሁ?"

"እንጃ። አንድ ሰሞን ታምሜ ቀጠሮ ስሰርዝ... ደክሟታል፣ ትረሳለች፣ እንዲህ ያለ ነገር።"

"ኒልዳ፣ እኔን ነው የምትጠረጥሪው?"

"ሁሉንም ነው የምጠይቀው።"

"ሁሉንም?" ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩት። "ቁልፍሽን ለማንም ስታድዪ ኖረሽ ዛሬ እኔን ሌባ አደረግሽኝ?"

"ሌባ አላልኩሽም።"

"ብትዪኝ ይሻል ነበር!"

በሬን በኃይል ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ማቴያችንን ለየብቻ፣ በየክፍላችን ጠጣን። እንዲህ ያለ ነገር በመሃላችን ሆኖ አያውቅም። ስትገባ ሳል እላለሁ፣ ስወጣ ሳል ትላለች፤ ሰላምታችን እሱ ብቻ ነበር። መጨረሻ ላይ ያቃተኝ እኔ ነኝ። አንድ ጧት ክፍሏን ሳላንኳኳ ገባሁ።

"ተነሺ፣ ኮትሽን ልበሺ። ኩባንያው ድረስ ሄደን እንጠይቃለን።"

"ኦስማር በእሱ በኩል ካልሆነ አያነጋግሩም ብሏል።"

"እሱ ብሏል? በይ እንደውም አሁኑኑ እንሂድ!"

በምድር ውስጥ ባቡሩ ጎን ለጎን ተቀምጠን ቃል አልተነጋገርንም። መሃል ከተማ፣ ኩባንያው ሕንጻ ውስጥ፣ አንዲት ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ተቀበለችን። እንደ ገመትኩት ክፉ አልነበረችም፤ ወንበር ሳበችልን፣ ውኃ አመጣችልን። ኒልዳ ውኃውን አልነካችም።

"ስለ እኔ የጠየቀው ማን እንደሆነ ሳላውቅ ከዚህ አልነሣም" አለች።

ሴትየዋ ስሟንና መታወቂያዋን ጠየቀቻት። ኮምፒውተሯን አየች። ከዚያ ኒልዳን አየች፣ መልሳ ኮምፒውተሯን አየች።

"ራስዎ ነዎት እኮ ሴኞራ" አለች።

"ምን?"

"ዓምና ክረምት ለምክር መስመራችን ደውለዋል። አንዲት ታካሚ ራሷን ታጠፋለች ብለው ሰግተው ነበር። ለቤተሰቧ ብናገርና በኋላ ምስጢሬን አወጣሽ ብላ ብትከሰኝ ሽፋን አለኝ ወይ ብለው ጠየቁ። ሌላ የጠየቀ ሰው የለም።"

ኒልዳ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ስትጠራጠሩ ደውሉ ያላችሁት እናንተ ናችሁ" አለች።

"አዎ። በመደወልዎም ጥሩ አድርገዋል።"

"ታዲያ?"

"የተጠየቀ ነገር ሁሉ ወደፊት ክስ ሊያመጣ ይችላል ተብሎ ይያዛል። ደንቡ ነው። ሦስት ዓመት ምንም ሳይከተል ካለፈ ይነሣል፣ ክፍያውም ይወርዳል።"

"ባልደውል ኖሮስ?"

"እንደ ሌላው ሰው ይከፍሉ ነበር።"

"የጠየቀ ይቀጣል ማለት ነው?"

"እኔ እንደዚያ አላልኩም ሴኞራ።"

"አላልሽም" አለች ኒልዳ።

ልንነሣ ስንል ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ መሥሪያ ቤት ሰው ሳይሆን እንደ ጎረቤት፣ "ልጅቷስ? ደህና ሆነች?" አለች።

"ደህና ናት" አለች ኒልዳ። "ኬክ ትጋግራለች።"

ያኔ ገባኝ። ኒልዳም እንደገባኝ አየች፤ ዞር ብላ "አንቺ ምንም አልሰማሽም" አለችኝ።

"ምኑን?" አልኳት።

ውጭ ወጥተን አደባባዩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አግኝተን ተቀመጥን። ትስቃለች ወይስ ታለቅሳለች መለየት አቃተኝ። "ልጅቷን እኮ ጠርጥሬያታለሁ" አለች። "በዚያ ሌሊት እናቷን ቀስቅሼ ያዳንኳትን ልጅ። ኬኳን እንኳ አልቀመስኩላትም።" ይቅርታም ጠየቀችኝ። እኔም ይቅር አልኳት፤ ትንሽ ካጉላላኋት በኋላ።

ለኦስማር እዚያው ወንበር ላይ ሆና ደወለችለት። "እናቴ ትሙት፣ እርስዎ መሆንዎን አላወቅኩም ዶክተር!" ሲል ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል። እኔ እስከ ዛሬ ያውቅ ነበር ባይ ነኝ። ሰውዬው በፍርሃት የሚከፍል ደንበኛ አይቶ ያውቃል። ኒልዳ ደግሞ ሲዋሽ እንዲህ አይምልም ትላለች። በዚህ ተስማምተን አናውቅም፤ ብቻ ከእሱ ጋር መሥራቷን ተወች።

ቤርናቤን ደጋግማ ደወለችለት፤ አያነሣም። ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ማዕዘኑ ላይ ካለው ዳቦ ቤት ሰልፍ ይዤ። ሊያልፈኝ ነበር፤ መንገዱን በሰውነቴ ዘጋሁበት።

"በስልኩ አልቀዳኋትም" አለኝ፣ ገና ሰላም ሳልለው። "ወንድሜ ኩላሊት ይጠብቃል። ሰጪ ከተገኘ የሚደውሉት ለእኔ ነው። ለዚያ ነው።"

"ለምን አልነገርካትም?"

የዳቦ ከረጢቱን ጠቅልሎ ፈታው። "መጀመሪያ ኩላሊቱን ከእኔ ነበር የፈለጉት። እምቢ አልኩ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ተመላልሼ ስለ ተማሪዎቼ፣ ስለ ርዕሰ መምህሩ ሳወራላት ከረምኩ። ያን ማክሰኞ ልነግራት ነበር። አፌን ስከፍት እሷ የምታየው ስልኬን ነው።"

"ይኼን ራስህ ንገራት።"

"አልመለስም።"

"ተመለስ አላልኩህም። ንገራት።"

ቅዳሜ ጧት መጣ። ወደ ክፍሏ አልገባም፣ መጠበቂያው ውስጥ ተቀመጠ፤ ኒልዳ ወጥታ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እኔ ልሄድላቸው ስነሣ "ቆዪ" አለኝ እሱ። ይቅርታ ጠየቀችው፣ ምንም ሳታድበሰብስ።

"ግን ምን ፈርተሽ ነው?" አላት።

"ትከሰኛለህ ብዬ።"

"በምን?"

"እሱን እንኳ አላሰብኩትም።"

ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ግን ፊቱ ኮስተር አለ። ስለ ወንድሙ ነገራት፣ በአጭሩ፣ ወለሉን እያየ። መጨረሻ ላይ ሌላ ባለሙያ እንድትጠቁመው ጠየቃት። እንዲቆይ ትለምነዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልለመነችውም። ሆስፒታል አብራት የሠራች አንዲት ሴት ስም ሰጠችው፣ "ከእኔ የተሻለች ናት" አለችው፣ በሩ ድረስ ሸኘችው። በጸደዩ ኩላሊቱን ለወንድሙ ሊሰጥ ሄዶ መመርመሩን ሰምቻለሁ። አልገጠመም አሉት። ወንድሙ አሁንም ይጠብቃል፤ እሁድ እሁድ ግን ኳስ ሜዳ አብረው ሲገቡ አያቸዋለሁ።

ኒልዳ በሚቀጥለው ዓመት በሙያ ማኅበራቸው በኩል በቡድን ወደሚገባው ኢንሹራንስ ተዛወረች። እዚያም ታሪኳን ጠይቀዋታል፣ እዚያም ረከስ አላለላትም፤ ብቻ የሚቻል ሆነ። ማኅበሩ ለጀማሪዎች ስለ ኢንሹራንስ ማብራሪያ ሲሰጥ ተነሥታ የደረሰባትን ነገረቻቸው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ወጣት እጇን አወጣች። "ታዲያ ታካሚ ራሴን አጠፋለሁ ሲለን፣ ምን እንደምናደርግ ሲጠፋን፣ ለማን እንደውል?" አለች። መድረኩ ላይ ያሉት እርስ በርስ ተያዩ። ኒልዳ ወደ ሰሌዳው ሄዳ የራሷን ስልክ ቁጥር ጻፈችላቸው።

ከዚያ ወዲህ ይደውሉላታል፣ አንዳንዴ በምሳ ሰዓት፣ አንዳንዴም እኔ ልጆቹን ሳስተምር፤ መጠበቂያው ውስጥ ቆማ ስታወራ ይሰማኛል። ረዘም ያለ ጊዜ ትሰጣቸዋለች። ግን አስቀድማ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላት፣ ሰላምታ እንኳ ሳትመልስ፦ "ቁጥሬን ማን ሰጠሽ?"